ጠቋሚው አሕመድ አልነበረም

ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ ለእትዬ ብርነሽ፤

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ሙቀቱ ለደም ግፊትሽ አልስማማ ብሏል ሲሉኝ ሐሳብ ገብቶኝ ነበር፤ አሁን ተሽሎሻል? መቅደስ ልጅሽ፣ ባሏ ጌታቸው፣ ትንሹ ሄኖክስ ደህና ናቸው? እኔ ከዓይኔ መድከም በቀር ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለቴም ለደብዳቤ ወግ ነው። ሦስት ጊዜ ደውዬ ልነግርሽ ስል ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ዮዲ የታሪክ መምህርት መሆኗን ታውቂያለሽ። በግንቦት ወር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቿን የፈረንሳይን አብዮት ስታስተምር፣ የፈላስፎች ሐሳብ እንዴት ንጉሥን ከዙፋን እንዳወረደ ልጆቹ ሊገባቸው አልቻለም። “አባዬ፣ አንተ እኮ የኛን አገር አብዮት በስድሳ ስድስት በዓይንህ አይተኸዋል፤ መጥተህ ንገርልኝ” አለችኝ። ኮቴን አስተኩሼ ሄድኩ።

ስለ መምህር ኪዳነወልድ ነገርኳቸው፤ ያ ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የተላከው ቀጭኑ ልጅ ትዝ ይልሻል? በታይፕ የተመታ ወረቀት ካልሲው ውስጥ ሸጉጦ ያመጣልን ነበር። እኛም ጀጎል ውስጥ እነአሕመድ ቤት፣ ምንጣፍ በለበሰው መደብ ላይ ተቀምጠን እየተቀባበልን እናነባለን። የንጉሥ ሥልጣን ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ሕዝብ የሰጠው ነው፣ የሰጠም መልሶ ሊወስድ ይችላል የሚለውን ያነበብን ዕለት አሕመድ ወረቀቱን አስቀመጠና “እንደሻው፣ ይህ እውነት ከሆነ የአባትህ ጭሰኞች ለምንድን ነው ዝናብ እየወረደባቸው ደጃችሁ የሚቆሙት?” አለኝ። ከዚያ ወዲያ እኒያን ሰዎች ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ይህን ስናገር ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ወዲያው አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። “ስሜ ዋፊቃ ነው። ያ አሕመድ ያሉት አያቴ ነው። አብረን አነበብን ይላል፤ ታዲያ ለምን እንደማትነጋገሩ ስጠይቀው ወሬ ይቀይርብኛል። ለምንድን ነው ጋሼ?” አለች። እኔ አፌን ሳልከፍት ከኋላ አንዱ “ጠቋሚ ስለነበረ ነዋ!” አለ። ክፍሉ ሳቀ። ልጅቷ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ወሬው ከኛ ቤት ወጥቶ፣ ሃምሳ ዓመት ተንከባሎ እዚያች ልጅ ላይ ወደቀ። እኔም፣ እትዬ፣ “ጊዜው ነው ያጣላን” ብዬ ሰዓቴን አየሁ።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ። አባታችን ግራዝማች ኤልሳዕ ጠመንጃዎቹንና የርስት ወረቀቱን በጎተራው ሥር መቅበሩን በወጣቶቹ ዝግ ስብሰባ ላይ የተናገርኩት እኔ ነኝ። አሕመድ አይደለም። የመሬት አዋጁ በታወጀ በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ የተናጋሪው ስም ከደጅ እንዳይወጣ አሕመድን ጨምሮ ሁላችንም ተማምለን ነበር። አንዱ ተነሥቶ “የባላባት ልጅ ስለ እኩልነት ምን ያውቃል?” ሲለኝ ደሜ ፈላና ተነሥቼ ተናገርኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ስለ ጭሰኞቹ ብዬ ነው እያልኩ ስንት ዘመን ራሴን ሸነገልኩ! ስለ እነሱ ብዬ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያ ለአባታችን ፊት ለፊት በነገርኩት ነበር። እሱ ፊት ግን አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ያነበብነው እውነት ነበር፤ እኔ ግን እውነቱን የወሰድኩት ለጭብጨባ ነው። አባታችን ሁለት ዓመት ታስሮ ሳንባውን ታሞ ወጣ፣ ዓመትም አልቆየም።

አሕመድ በስብሰባው ዋዜማ እኛ ቤት ስለ መጣ አንቺ እሱን ጠረጠርሽ። ሸዋ በር ገበያ መሐል፣ ሰው ሁሉ እያየ ፊቱ ላይ የተፋሽበትን ቀን እኔ ከጎንሽ ቆሜ ነበር። እሱ ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። በዚያው ዓመት አንቺ ሐረርን ጥለሽ ሄድሽ።

ከክፍሉ በወጣሁ ማግስት ጀጎል ወረድኩ። አሕመድ በዱላ ነው የሚሄደው፤ በሩን ራሱ ከፈተልኝ። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዞ “ሱብሃነላህ! በዚህ ዕድሜህ ከወደቅህ ማን ያነሣሃል?” አለኝ። ለምን ይህን ሁሉ ዘመን ዝም እንዳለ ጠየቅሁት። “አባትህን በአንደበትህ አጣህ። እኔ ደግሞ እህትህን ላሳጣህ?” አለኝ። አለቀስኩ። እሱ ግን አላባበለኝም። “እኔ ትቼዋለሁ። ዋፊቃ ግን ትምህርት ቤት አልመለስም ብላ ተኝታለች፤ የሷን እኔ ልተውልህ አልችልም” አለኝ።

ሰኞ ተመልሼ ክፍሉ ፊት ቆምኩ። ዋፊቃን አያቷ ራሱ ይዟት መጥቶ ነበር። ለአንቺ የጻፍኩትን በሙሉ ነገርኳቸው። የሳቀም ያጨበጨበም አልነበረም። ዮዲ ጠመኔውን እንደ ያዘች ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ከዚያ ወዲህ ቤቴ አልመጣችም። አልፈርድባትም። በጠቋሚ ላይ የተረገመውን እርግማን ሁሉ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሰማችው ከኔው አፍ ነው።

እትዬ፣ ይቅር በዪኝ ለማለት አፍ የለኝም። የአባታችንን ነገር አንቺና እግዚአብሔር ታውቃላችሁ። የምለምንሽ የአሕመድን ነው። ከመውጣቴ በፊት “ብርነሽ ደህና ናት?” ብሎ ጠየቀኝ። ስልክ ቁጥሩን ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌልሻለሁ። ብትደውዪለት የኔን ስም አታንሺ፤ ስለ ራሱ ጠይቂው።

ጌታቸውን በርታ በዪልኝ። ሄኖክን ጉንጩን ሳሚልኝ። ለመቅደስ ግን ሰላምታዬን ከማድረስሽ በፊት ይህን አንብቢላት፤ ሰላምታዬን ትቀበል እንደሆነ እሷ ትወስን።

ያሳፈረሽ ወንድምሽ
እንደሻው ኤልሳዕ

ሐረር፣ አቦከር
ሰኔ ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.