በሞቴ እያሉ ያጠጡህ ጭማቂ

ግርማዬ፣

አንተን ከቀበርንህ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ስትሄድ በሆዴ የነበረው ልጅህ አሁን የካርቲየ 5 ሰፈር ቤታችንን ግድግዳ እየያዘ ይዞራል። ዓይኑ ያንተ ነው፤ ግትርነቱም። ያቺ ንፋስ የምትሰጠን፣ የምትንጫጫው ቬንትሌተራችን ተቃጥላ ሀራሙስ ሰፈር የምሠራላት ማዳም አሮጌዋን ሰጥታኛለች። ይሄ ሁሉ ግን ወሬ ነው። የምጽፍልህ ምን እንደገደለህ ስላወቅሁ ነው።

ሻይ ያለ ስኳር ነበር የምትጠጣው። ብርቱካን ሲላጥ ከገበታ ትነሳለህ። በሠርጋችን ቀን ያጎረስኩህን ኬክ በመሀረብ ደብቀህ ስትተፋው አይቼ አኩርፌህ ነበር። ሾፌር ጓደኞችህ ጨው እንጂ ጣፋጭ አያውቅም ብለው "አሞሌ" የሚል ስም አወጡልህ። አንድም ጥርስህ ሳይበሳ ሞትክ፤ ምን ያደርግልሃል!

ያኔ መንገድ ላይ ሙቀት መትቶህ ሆስፒታል ስትገባ የሚያውቅህ ሁሉ መጣ። በሽተኛ በባዶ እጅ አይጠየቅ! የማንጎ ጭማቂ፣ ሙዝ፣ ማር ራስጌህ ተከመረ። እምቢ ስትል "በሞቴ!" ይሉሃል። በሞቱ የለመነህን ሰው እንዴት ትመልሰዋለህ? ትጠጣለህ፣ ያስመልስሃል፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ ነው ብለው ሌላ ይቀዱልሃል። እኔ ተዉት ብል ማን ሰምቶኝ። ከሁሉ የባሰው እንደ ወንድምህ የምታየው መኮንን ነበር፤ አንገትህን ደግፎ በማንኪያ ያጠጣህ ነበር። ዓይንህ ቢጫ ሆነ፣ ተንቀጠቀጥክ፣ ከዚያ አልነቃህም። ሐኪሞቹ ጉበቱ ነው አሉን፤ ሌላ የነገረን የለም።

ልጅህ ጡት ብቻ እያለ ደህና ነበር። ሙዝ ሳቀምሰው አስመለሰው፣ አላበው፣ እጄ ላይ ዝልፍልፍ አለ። ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ ሐኪሟ ደሙን ፈረንሳይ ልካ አስመረመረች። የነገረችኝን አንተ በምታውቀው ሥራ ላስረዳህ። የፍራፍሬና የማር ስኳር ጉበት ውስጥ ሲገባ ፎስፌት ይለጠፍበታል፤ ኮንቴነር ወደብ ላይ እንደሚታሸገው ነው። ከታሸገ በኋላ ከሴሉ አይወጣም፤ ለሁለት የሚሰነጥቀው ኢንዛይም መጥቶ ነው ጉልበት የሚሆነው። አንተና ልጅህ ያ ኢንዛይም የላችሁም። የታሸገው ስኳር ይከማቻል፣ የሴሉን ፎስፌት ይዞበት ይቀራል፣ ሴሉ ጉልበት ያጣል፣ የደም ስኳርም ይወርዳል። ስኳር እያጠጡህ በስኳር እጦት ሞትክ። ከእናትም ከአባትም ካልወረሰው አይታመምም አለችኝ፤ ስለዚህ ግማሹን የሰጠሁት እኔ ነኝ። መድኃኒቱን ስጠይቃት፣ ጣፋጭ አለመቅመስ ብቻ ነው አለች። አንተ ዕድሜህን ሙሉ ስትወስደው ኖረሃል፤ እነሱ ናቸው ያስጣሉህ።

ባለፈው እሑድ መኮንን ብርቱካን ይዞ መጣ። ልጅህን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ብርቱካኑን ልጦ፣ "በሞቴ" ብሎ ወደ አፉ አስጠጋለት። ልጅህ ከንፈሩን ገጥሞ ፊቱን አዞረ፤ ልክ እንዳንተ። ብርቱካኑን ነጥቄ ሁሉንም ነገርኩት። ማንኪያው ሳይቀር አንድ በአንድ አስታወስኩት፤ "በሞቴ" ሲልህ የማን ሞት እንደነበረም ነገርኩት። ጫማውን አድርጎ ወጣ። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ጎረቤቶች አይተውታል። አንተ ብትሆን ተከትለህ ወጥተህ ታቅፈው ነበር። እኔ በሩን ዘጋሁ፤ ይህን ስጽፍልህም አላዘንኩለትም።

ሙት ዓመትህን በድግስ አላስብም፤ ደግሞ ለስላሳና ሙዝ ይዘው ይመጣሉ። አንተን የማስበው ልጅህ አልፈልግም ሲል ማንም እንዳያስገድደው በመጠበቅ ነው፤ ሰው ሁሉ ክፉ ቢለኝም እስክሞት እጠብቀዋለሁ። "አባ" ማለት ገና አልቻለም። "እምቢ" ግን አጥርቶ ይላል።

ያንተው አስቴር