መምህር ዮሴፍ ጨዋ ሰው ስለመሆኑ ለተሰጠው ምስክርነት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አባባ ሀላኬ፣
የቀበሌያችን የሽማግሌዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ነገሌ ቦረና

እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ሊበን ያሉት ከብቶችዎም ጭምር ሰላምና ጤና እንድትሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ልብስ ሰፊዋ ኑኃሚን ነኝ፤ አባቴ ሻምበል በላይነህ የተቀበረ ዕለት እጄን ይዘው ከዛሬ ጀምሮ አባትሽ እኔ ነኝ ያሉኝ። ይህን የማነሳው ምናልባት ረስተውት ከሆነ ብዬ ነው።

መምህር ዮሴፍ ስምንት ወር ሙሉ ከሱቄ እስከ ቤቴ ሲከተለኝ አቤት ያልኩት ለእርስዎ ኮሚቴ ነበር። ኮሚቴውም አጣርቶ፣ ሰውየው እንደማይጠጣ፣ ጫት እንደማይቅም፣ ታላላቆቹን አክባሪና ዝምተኛ እንደሆነ በእርስዎ እጅ ጽሑፍና በማኅተም አረጋግጧል። ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ በዝምታ እንደሚከተለኝማ እኔም ተናግሬ ነበር። የተዘነጉ ጥቂት ጠባዮቹን ግን በትሕትና ልጨምር።

1ኛ. ትዕግሥተኛ ነው። ከሱቄ ፊት ለፊት ደረጃ ላይ ተቀምጦ መቼ እንደምከፍት፣ ማን ሊለካ እንደገባ፣ ምን ያህል እንደቆየ ያውቃል። ወንድ ደንበኛ ሱሪ ሊያሳጥር ከመጣ በማግሥቱ ስለዚያ ሱሪ ይጠይቀኛል።

2ኛ. አልፈልግህም ስለው አልቅሶ ይሄድና ለጎረቤት እጮኛዬ አኩርፋለች ይላል። ጎረቤትም ታረቂው ይለኛል።

3ኛ. ልምድ አለው። አሬሮ ከተማ ሲያስተምር ሸምሳ የምትባል ነርስ በእሱ የተነሳ ከተማውን ለቃ መሄዷን ነግሬዎት ነበር፤ እርስዎም ያኔ ልጅ ስለነበረ ነው አሉኝ። ያኔ ያሉት የዛሬ ሁለት ዓመት ነው።

4ኛ. ይህ እንኳ የእሱ ሳይሆን የእናንተ ጠባይ ነው። አስጥሉኝ ያልኳችሁ ሽማግሌዎች በሳምንቱ የእሱ ሽማግሌ ሆናችሁ ልትጠይቁኝ እናቴ ቤት መጣችሁ። ልጁ ወዶ ነው፣ ወጉን ስላላወቀበት ነው ብላችሁ ክሴን የጋብቻ ጥያቄ አድርጋችሁ መለሳችሁልኝ።

ያም ሆኖ አመንኩዎት። ሱቄን ዘግቼ ዶሎ ኦዶ ስገባ፣ ክሴ እንዳይዘጋ አድራሻ ያስፈልጋል ስላሉኝ ያለሁበትን ሰፈር ከእናቴ ቀጥሎ ለእርስዎ ብቻ ነገርኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን ዮሴፍን በሬ ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ የያዛት ወረቀት ላይ አድራሻዬ የሰፈረበት የእጅ ጽሑፍ የእርስዎ ነው። ለእርቅ ይመቻል ብለው እንደሆነ አልጠራጠርም። እሱ መምጣቱ አስፈራኝ፤ ያስለቀሰኝ ግን ጽሑፍዎ ነው።

ለሰውየው መልካም ስም ስለደከሙት ድካም ሁሉ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ እላለሁ።

አክባሪዎ
ኑኃሚን በላይነህ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከዶሎ ኦዶም ወጥቻለሁ። አድራሻ ስላልጻፍኩ ይቅርታዎን እለምናለሁ። መልስ ካለዎት ለመምህር ዮሴፍ ይስጡት፤ ከፖስታ ቤቱ ቀድሞ እሱ ያገኘኛል።