የደሴ ወፍጮ

ደስዬ፣ የልጄ አባት፣ የጎኔ ጎሻሚ፤

ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ብርዱ እንዴት ነው ብዬ አልጠይቅህም፤ አንተ ያለህበት ከደባርቅ የባሰ ብርድ ሊኖር አይችልም። እኔ ደህና ነኝ። ተናድጄብሃለሁ እንጂ ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልህ ናፍቆቴን ልነግርህ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ልጣላህም ነው። ሞቻለሁና ትተወኛለች ብለህ ከሆነ፣ ያን ሁሉ ዘመን አብረኸኝ ኖረህ አላወቅኸኝም ማለት ነው።

በቅድሚያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። የእህል ሱቃችን እንዳለ ነው፤ የሚያፈስበትን ቆርቆሮ አስቀይሬዋለሁ። ሰላም ጎንደር ሥራዋ ላይ ናት። ጎረቤታችን አዛለችም ያው ናት፤ ግድግዳችን አንድ ስለሆነ እኛ ቤት ሰው ሲያስነጥስ እሷ እዚያ ሆና ይማርሽ ትላለች። ነገሩም የጀመረው በእሷው ነው።

መቼም የቤታችን ማንኮራፋት ሰፈሩ ስም አውጥቶለት እንደነበር አትረሳውም፤ የደሴ ወፍጮ። ጠዋት ወደ ዳባት ልታስተምር ስትወጣ ያገኘህ ሁሉ፣ መምህር፣ ሌሊቱን ስንት ኩንታል ፈጨህ ይልህ ነበር። አንተም ስቀህ ታልፋለህ። እኔ ደግሞ ከሁሉ ብሼ አማህ ነበር። እንቅልፌ ከባድ ስለሆነ በጆሮዬ ሰምቼው አላውቅም፤ ግን ያን የሚያህል ድምፅ ከወንድ እንጂ ከማን ይወጣል ብዬ ነው።

አርባህ በወጣ ሰሞን አዛለች ወፍጮውን ሰማችው። አንተን ቀብረን ተመልሰን! ለጥቂት ቀን ለማንም ሳትናገር ቆየች፤ ይኸው ራሱ ተአምር ነው። ከዚያ ግን ሰፈሩ ተንሾካሾከ። የመምህር ደሴ ነፍስ አላረፈችም፣ ሌሊት ሌሊት እየመጣ አልጋው ላይ ይተኛል ተባለ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! የነፍስ አባታችንን ይዘዋቸው መጡ። አባም ጸሎት አድርሰው አልጋውን ረጩ፣ ከዘራህን ረጩ፣ በመጨረሻም እኔን ረጩኝ። የዚያን ለታ ወፍጮው ከመቼውም የበለጠ ፈጨ አሉ። እኔ ሞኟ ደግሞ አምኜ፣ ምን ጎደለህ እያልኩ አለቅስልህ ነበር። እንዳይበርድህ ብዬ ጋቢህን አልጋህ ላይ እያነጠፍኩ ነበር የምተኛው።

ለተዝካርህ ሰላም መጣችና በአንተ አልጋ ላይ ተኛች። ጠዋት ዓይኗ ደም መስሏል። እማዬ፣ ወፍጮው አንቺ ነሽ አለችኝ። እሱስ ይሁን፣ የሚያስፈራው ወፍጮው ቀጥ ሲል ነው አለች፤ ትንፋሽሽ ይጠፋል፣ ጭልጥ ትያለሽ፣ ከዚያ ከውሃ እንደወጣ ሰው አየር እየሳብሽ ትባንኛለሽ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንደዚህ ነሽ አለችኝ። አፍሽን ዝጊ ብዬ ሰደብኳት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለካ ለእኔ ነው።

ሳልወድ ያመንኩት በሚኒባስ ነው። ዳባት ዘመድ ጠይቄ ስመለስ ተቀምጬ እንቅልፍ ጣለኝ። ቀን ቀን እንደዚያ ነበርኩ፤ ሱቅ ውስጥ እንኳ ደንበኛ ባቄላውን ራሱ ሰፍሮ ብሩን ጭኔ ላይ አስቀምጦልኝ ይሄድ ነበር። ስነቃ ደባርቅ የለም። ሊማሊሞን ወርደን ቆላ ገብተናል፤ እኔ ጋቢ ተከናንቤ በላብ ተዘፍቄያለሁ። ረዳቱን ለምን አልቀሰቀስከኝም ብዬ ብጮህበት፣ ጥቁር ስለለበሱ ሐዘን የጎዳዎት መስሎኝ አዝኜልዎት ነው አለኝ።

ሰላም እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ጉሮሮዬን አይቶ አንገቴን በሜትር ሲለካ ቀሚስ ሊሰፋልኝ መስሎኝ ነበር። ደረቴ ላይ ሽቦ፣ ጣቴ ላይ መቆንጠጫ አድርገው አንድ ሌሊት አስተኙኝ። ከዚያ በኋላ አስረዳኝ። ስተኛ የጉሮሮዬ ሥጋ ይላላና የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል፤ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ሰውነቴ ደንግጦ ይባንናል። እኔ ተኛሁ እላለሁ እንጂ ተኝቼ አላውቅም። የጠዋት ራስ ምታቴም፣ የቀን እንቅልፌም ከዚያ ነው፤ ደም ግፊቴንም እያባሰው ልቤን እያደከመ ነው አለ።

መድኃኒቱ እንደ ሰዉ ነው። ውፍረት መቀነስ፣ ማታ ጠላና አረቄ መተው፣ በጎን መተኛት አንዳንዱን ይበቃዋል። ላንዳንዱ አገጩን ወደ ፊት ስቦ የሚይዝ፣ ጥርስ ላይ የሚገባ ነገር ይሠሩለታል። ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገውም አለ። የእኔው የከፋ ስለሆነ ግን ሌሊት በጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮዬን ከፍቶ የሚያሳድር ማሽን ሰጡኝ።

አድርጌው መስታወት ባይ ልጓም የገባላት በቅሎ! ኧረ ወዲያ አልኩና ጆንያ ውስጥ ከትቼ ቆጥ ላይ ወረወርኩት። ነገሩ መልኩ ብቻም አይደለም። አዛለች ድንገት ገብታ ብታየው ወፍጮው የማን እንደነበር ደባርቅ ሁሉ ሊያውቅ ነው። ሰላም አባቴን ቀብሬ ሳልጨርስ አንቺን አታስቀብሪኝ ብላ አለቀሰች። ሐኪሙም እንዲሁ ከቀጠሉ አንዱን ሌሊት ላይነቁ ይችላሉ ብሎኛል። ብሞት ይሻለኛል እንጂ አልዋረድም ብዬ ድርቅ አልኩ።

ከዚያ አያ ተገኘ ገብስ ሊሸምት መጣ። ያ ሽማግሌያችን።

ሽምግልናውንማ አትረሳውም። ሌሊት ሌሊት በክርኑ እየጎሸመ እንቅልፍ ነሳኝ ብዬ ከስሼህ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር አቆምኩህ። ለምን ትጎሽማታለህ ሲሉህ አንገትህን ደፍተህ አጥፍቻለሁ ብቻ አልክ። ጋቢ ግዛላት፣ አልጋም ለዩ ብለው ፈረዱብህ። ጋቢውን ገዛህ፣ አልጋም ለየህ። ወዲያው ደግሞ ከማዶ አልጋ ሆነህ በከዘራ ትነካካኝ ጀመር! ከክርን ወደ ከዘራ! እንደገና ከሰስኩህ፤ ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ አንተ አሁንም አጥፍቻለሁ።

እና ለአያ ተገኘ ስለ ማሽኑ ሳማርርለት ያፈሰውን ገብስ መልሶ ጆንያው ውስጥ ጨመረው። ከዚያ ነገረኝ። መጀመሪያ የከሰስኩህ ቀን፣ ከፍርዱ በኋላ ለብቻው ይዘኸው እንዲህ ብለኸዋል። ስትተኛ ትንፋሿ ይቆማል፣ ጎሸም ሳደርጋት ይመለሳል፤ ግን የሚስቴን ማንኮራፋት በወንዶች ፊት እንዴት ብዬ አወራለሁ? ፍርዱ በእኔው ይሁን። አልጋዋን ብቻ ከከዘራዬ አታርቁብኝ።

ደሴ! አንተ ግትር! ለእኔ ለራሴ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? አዎ፣ እሰድብህ ነበር። አላምንህም ነበር። አኮርፍህ ነበር፣ ከዚያ ይወጣልኝ ነበር። አንተ መቼ ነበር የምትተኛው? በዓል ሲሆን ከእንግዳ ፊት ተቀምጠህ ስታንቀላፋ አስተማሪ ተብዬ እያልኩ ስቆጣህ፣ ዓይንህን ታሽ ነበር። ገብሱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ አያ ተገኘም ሳይሸምት ሄደ።

የዚያኑ ዕለት ማሽኑን ከቆጥ አወረድኩት። ቀጥሎ በመጣው የማርያም ማኅበር ላይ ደግሞ ጽዋው ሳይነሳ ተነስቼ ቆምኩና፣ ወፍጮው የእኔ ነው፣ ደሴ በዕድሜው አንዲት ፍሬ አልፈጨም፣ ስሙን መልሱለት አልኳቸው። ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። አዛለች ብቻ አልሳቀችም፤ ወፍጮው ከቆመ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሏታል።

መብራት ሲጠፋ፣ መቼም ይጠፋል፣ ማሽኑ ይቆማል። ለዚያ ለዚያ ሐኪሙ በመከረኝ መሠረት ከሌሊት ልብሴ ጀርባ ላይ የጨርቅ ኳስ ሰፍቻለሁ፤ በጀርባዬ ልዞር ስል ትወጋኛለች። የመጀመሪያው ቀን ስትጎሽመኝ፣ ደሴ ተወኝ እንግዲህ ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ነቃሁና ጠበቅኩህ። ድገመኝ ብዬ በጀርባዬ ዞርኩ።

እስትንፋሴ እስካለ አልረሳህም ማለት ለሰው ሁሉ ቀላል ነው። እኔ ግን ያንን እስትንፋስ ሌሊት ሌሊት ከማን እንደተቀበልኩት አውቃለሁ፤ ጭምብሉን ሳጠልቅ ስምህን ጠርቼ ነው። አልጋህንም ከቦታው አላነሳሁትም፤ የእኔውም ከከዘራህ አልራቀም።

ወፍጮህ፣
የሺ