ዓሊ ቀይሩ ያለው ቁልፍ

ሰኞ፣ ግንቦት 4፣ ጠዋት

የኢንተርኔት ሱቃችንን ከፈትኩ። አቧራ ጠረግኩ። ቬንትሌተሩን ወደ ኮምፒዩተሩ አዞርኩ፤ እኔን ላብ ቢያጠምቀኝም እሱ ይብረድ። ሰመራ እንዲህ ናት። ብራውዘሩ ዛሬም አልታደስም አለ። ኮምፒዩተሩን የሚያሠራውን ሊኑክስ የጫነልን ዓሊ ነው፣ የሸሪኬ የሐዋ ባል ወንድም፣ አዋሽ የሚኖረው። የድሮው ብራውዘር ለዚህ አሮጌ ማሽን ይከብደዋል ብሎ ይሄን ቀለል ያለውን አስገባ። ከየት እንዳመጣው አልነገረንም። ማደሻው ጥቁር መስኮት ነው፣ ትእዛዝ ይጻፍበታል። የይለፍ ቃል አስገቢ ይለኛል፣ እጽፋለሁ፣ ነጥብ እንኳ አይታይም። የጻፍኩት የት ገባ? ማን ወሰደው? ዓሊን በስልክ ብጠይቀው ጠባዩ ነው ብሎ ሳቀ። ምን ያስቃል?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ወላሂ በግኛለሁ ደብተሬ። የዩ/ሲቲ ማመልከቻ የሚሞሉ ልጆች ተሰልፈው ድረ ገጹ ብራውዘራችሁ አርጅቷል፣ አልከፍትም አለ። ለማደስ ብሞክር ጥቁሩ መስኮት እንግሊዝኛውን ደረደረው፣ ግማሹ አልገባኝም። ልጆቹ ማዶ ወዳለው ፎ/ኮፒ ቤት ሄዱ። ሐዋ ለዓሊ ደወለች። ወጥታ፣ ጥላው ሥር ቆማ፣ በአፋርኛ። የኔ አፋርኛ የገበያ ነው፣ ወተትና ፍየል ላይ ያልቃል። ከመሀል ግን በአማርኛ ጥርት አድርጋ ቁልፍ አለች። መቀየር አለች። ከዚያ መዲና ብላ ስሜን ጠራች።

ስትመለስ ምን አለ አልኳት። መንገድ ላይ ነው፣ አሠራሩን ቤቱ ሲገባ ይነግረናል፣ አንቺ አትጨነቂ አለችኝ። ለምን አልጨነቅም? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። የኔ ግን ዛሬ ሰምቷል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ሱቁ ያለበት ቤት የሐዋ አጎት ንብረት ነው። ኮምፒዩተሩ፣ ፕሪንተሩ፣ ወንበሩ ሳይቀር የኔ፣ ከደሴ አስጭኜ ያመጣሁት። ቁልፍ ከቀየሩ እኔ ውጭ፣ ዕቃዬ ውስጥ። ለማን አቤት ልል? የሷ ዘመድ ከዱብቲ እስከ ገዋኔ ነው፣ እኔ እዚህ ማን አለኝ? ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር።

ከሰዓት አጎቷ መጡ። ሰላምታ፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ወሬ። ሲወጡ በሩን ትክ ብለው አዩት። ወይስ ለኔ መሰለኝ? ሎጊያ ወርጄ አዲስ ጓጉንቸር ገዛሁ። ሐዋ ቀድማኝ ስትወጣ አሮጌውን አውልቄ አዲሱን ሰካሁበት። ሳይቀድሙኝ ቀደምኳቸው። አስተግፊሩላህ፣ ግን ቀለለኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ።

የባጃጁ ጎማ ተንፍሶ አረፈድኩ። ስደርስ ሐዋ በሩ ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ የማይከፍት ቁልፍ ይዛ። ማመልከቻ ሊሞሉ የመጡ ልጆች ዙሪያዋን። ከፈትኩ። ገብታ ለዓሊ ደወለች፣ ስልኩን ሁለታችንም እንድንሰማ አድርጋ አስቀመጠችው። ለኔ ሲል በአማርኛ አስረዳ። ብራውዘሩን የሠሩት ሰዎች ለማሽኑ የሰጡት ቁልፍ አለ፣ የብረት ሳይሆን የፊደልና የቁጥር ድርድር፤ ማደሻ ሲመጣ ማሽኑ በዚያ እየፈተሸ በእርግጥ ከነሱ መምጣቱን ያያል። የኛ ቁልፍ ጊዜው አልፎበታል፣ ስለዚህ ማሽኑ ማንንም አላምንም አለ። አዲሱን አውርዳችሁ በአሮጌው ቦታ አስገቡ።

ሐዋ ያዘዛትን ጻፈች። መስመሩ ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ። ብራውዘሩ ታደሰ። ድረ ገጹ ተከፈተ፣ ልጆቹ ሞልተው ሄዱ። ያኔ ወደኔ ዞረች። ማክሰኞም ዓሊ የነገራት ይህንኑ እንደሆነ ነገረችኝ። ስሜን የጠራችው ጥቁሩ መስኮት እንደሚያስፈራኝ ስለምታውቅ፣ መዲናን አታስጨንቃት፣ እኔ አደርገዋለሁ ልትለው ነው።

«ዓሊ ቀይሩ ያለው የብራውዘሩን ነው» አለችኝ። «የበሩን የቀየርሽው አንቺ ነሽ።»

አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ቦርሳዋን አንስታ በሚኒባስ ዱብቲ ገባች፣ እናቷ ጋ።

ዓርብ፣ ግንቦት 8፣ ከጁምዓ በኋላ

አልመጣችም። ስልክም አታነሳም። ሱቁ ሰው ሞልቶታል፣ ኮምፒዩተሩ እንደ ልብ ይሠራል፣ እኔ ግን አንድ ፊደል በትክክል መጻፍ አቃተኝ። አፍራለሁ ደብተሬ። የአዲሱን ጓጉንቸር ትርፍ ቁልፍ በአጎቷ ልላክላት አልኩ። ዓሊ ያስታርቀን አልኩ። ፈሪ! ሰው መሀል አላስገባም።

ዱብቲ እሄዳለሁ፣ አሁን። እናቷ ዳጉ ሳይጠይቁኝ ውሃ እንኳ አያቀርቡልኝም። የአፋር ወግ ነው፤ የመጣ ሰው መጀመሪያ ያየውንና የሰማውን ይናገራል። በዳጉ ደግሞ አይዋሽም። ሐዋ እዚያው ቁጭ ብላ ትሰማለች። ምን ሰማሽ ይሉኛል። ሁለት ቃልና ስሜን እላለሁ። ምን አየሽ ይሉኛል። ምንም አላየሁም እላለሁ። ታዲያ ምን አደረግሽ ሲሉኝ...

የሚኒባሱ ረዳት ዱብቲ ዱብቲ እያለ ነው፣ ልዝጋና ልሂድ።