ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ

ለምወድሽ እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? የእማዬ የዓይን ጠብታ አላለቀም? እኔ ከመክሳቴ በቀር የጎደለኝ የለም። የዘገየሁት ረስቼሽ አይደለም፤ ፈተናውን ሳላልፍ ላልጽፍልሽ ምዬ ነበር።

እንግዲህ እንኳን ደስ አለሽ በይኝ! ከአሥራ አራታችን ያለፍነው ዘጠኝ ነን። ታናሽሽ ዛሬ የሚጥል በሽታ ሕክምና ልዩ ባለሙያ ነርስ ናት፤ ደረቷ ላይ ባጅ ለጥፋ ትንጎራደዳለች። ለአንድ ሳምንት ብኮራ ፍቀጂልኝ።

የሥልጠናው መጽሐፍ አይደለም የከበደኝ፤ ማየቱ ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ሰዎች ሲጥላቸው የተቀረጸ ቪዲዮ እናያለን። መጀመሪያ የታጠፈው የትኛው እጅ ነው? ዓይኑ ወዴት ዞረ? ስንት ሰከንድ ቆየ? ካለቀስሽ ሰከንዱ ያመልጥሻል፤ ደግሞ ከመጀመሪያው። ቤት ገብቼ እንኳ የጎረቤት በር ጓ ሲል ሰዓቴን አይ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አሳዩን። ወለሉ ላይ ወድቃለች፤ አንድ ዘመዷ ጥርሷን ሊያላቅቅ ማንኪያ ያስገባል። አላስቻለኝም፣ ተነሥቼ ወጣሁ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ድምፄ እንዳይሰማ ቧንቧ ከፍቼ ተንሰቀሰቅሁ። እታለም፣ ያን ቀን አንቺን ሲጥልሽ እማዬ «ማንኪያ! ማንኪያ!» ስትል ሮጬ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ የተጫንኩትም እኔ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከዚያ በኋላ እንግዳ ስለ ተሰበረው ጥርስሽ በጠየቀሽ ቁጥር «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» ትያለሽ፤ አንድም ቀን ዞር ብለሽ አላየሽኝም። ይቅርታ ብልሽ «አፍሽን ያዢ» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። አሁን ለሰው ሁሉ አስቀድሜ የማስተምረው አፍ ውስጥ ምንም ነገር እንዳይገባ ነው።

አሠልጣኛችን፣ በሌሉበት «ብረቷ» የምንላቸው አንጋፋ ሲስተር፣ ተከትለውኝ መጡ። ሊያባርሩኝ መስሎኝ ነበር። ፎጣ አቀበሉኝና «ማናት?» አሉኝ። «እህቴ» አልኳቸው። «እንግዲያው ሥልጠናውን ከሁሉም ቀድመሽ ጀምረሻል። ፊትሽን ታጠቢና ግቢ» ብለውኝ ሄዱ። ታጠብኩና ገባሁ።

በመጨረሻው ወር ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ሾፌር ድንገት ወደቀ። ሰዉ ግር አለ፤ አንዱ እጁን ይጫናል፣ ሌላው «ውሃ አፍስሱበት!» ይላል። ድምፄን ሳልጨምር «ልቀቁት፤ ፊታችሁንም ወደ ግድግዳ አዙሩልኝ» አልኩ። ጃኬቴን ከራሱ ሥር አድርጌ ሰዓቴን ያዝኩ፤ ሲረግብለት በጎኑ አስተኛሁት። ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ። እመኚኝ፣ አንድም ሰከንድ አላመለጠኝም። ሲነቃ ሱሪው መርጠቡን አውቆ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። አንሶላ ጣል አደረግሁበትና «ማንም አላየህም፤ ግድግዳ ነው ያዩት» አልኩት። ሳቅ ብሎ እጄን ያዘኝ።

ብረቷ በሩ ላይ ቆመው ኖሯል። የሥልጠና ማኅደሬ ሲመለስልኝ በእጃቸው እንዲህ ጽፈውበታል፦ «ልጄ ብትታመም ለዚህች ነርስ ነበር የምሰጣት።» ሦስቴ አነበብኩት።

ከሚመጣው ወር ጀምሮ የራሴ የምርመራ ክፍል ይኖረኛል። ትንሽ ናት፤ መስኮቷ ግን ጠዋት ፀሐይ ያስገባል። እማዬ «ድካም ነው፣ ይለቃታል» ማለቷን እንዳልተወች አውቃለሁ። አትቀየሚያት፤ ያላወቀችውን ከየት ታምጣው? መድኃኒቱን እየወሰዱ የሚሠሩ፣ የሚያገቡ፣ የሚወልዱ ብዙ ናቸው፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

የቀጠሮ ጸሐፊዋ የመጀመሪያውን ቀን የመጀመሪያ ተራ ለማን እንደምትጽፈው ጠየቀችኝ። «ክፍቱን ተዪው፤ እህቴ ራሷ መጥታ፣ ስሟን ጮክ ብላ ትነግርሻለች» አልኳት።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልኝ፤ ዕድሜና ጤና አይንፈግሽ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

የምትኮራብሽ
ታናሽ እህትሽ