የቲቸር ግራ እጅ

ፊርደውስ እህቴ፣ አሰላሙ ዐለይኪ። ደሴ ገብቼ ሆጤ ሰፈር፣ ቲቸር አብዱልባሲጥ ቤት ተቀምጫለሁ። ረዣዥም የእንግሊዝኛ ቃል ቆራርጠው እንደ መንዙማ በድቤ ያስጠኑን ሰው ስትሮክ መቷቸው አንደበታቸው ተዘግቷል። «ዩኒቨርሲቲ» ስላቸው በደህናው ግራ እጃቸው ትራሱን መቱ፤ ሌላውን የቃሉን ክፍል ቀስ፣ «ቨር» ላይ ጠንከር አድርገው፣ ልክ እንደ ድሮው። ልጃቸው ፈትሂያ «ወላሂ፣ የቀረን ጨዋታ ይኸው ነው» ብላ ፊቷን አዞረች። እዚያ አዳማ እኔና አንቺ የምናስተምራቸው ልጆች ይህን የቃል አጠራር ሁሉ ከስልክ ነው የሚሰሙት፤ የሰው እጅ አላዩበትም። ስወጣ «ፊርደውስ ሰላም ብላዎታለች» አልኳቸው። የስምሽን አንዱንም ክፍል ሳያላሉ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አጥብቀው መቱት።

ፖስትካርዱ ሞላ። ልጆቹን ሳሚልኝ። አብሽሪ፣ አይዞሽ፤ ግን ለቲቸር ድረሺላቸው።

ሐዋ