በስልክ የዳነው የእማማ ጥሩነሽ ዓይን

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የስልክ ቀጠሮ ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። አደራዎን ግን እንዳይመልሱልኝ፤ በእርስዎ ክፍል የጤና ጥያቄን መመለስ ምን እንደሚያስከትል ሰፈራችን በሚገባ ተምሯል።

ኮሮና ገብቶ አትክልት ተራን የሚያህል ገበያ ጓዙን ጠቅልሎ ጃንሜዳ ሲሰፍር፣ እናንተም ሕዝብ እንዳይጨናነቅ ብላችሁ ቀጠሮውን ወደ ስልክ ማዛወራችሁን ሰምተን መርቀናችኋል። ምርቃቱን አላነሣንም፤ ጥቂት ምስጋና ግን ይቀረናል።

አንደኛ፦ ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ባለው ግቢያችን የሚኖሩት እማማ ጥሩነሽ የዓይናቸው ሞራ እንዲገፈፍ ቀጠሮ ነበራቸው። ከክፍልዎ የደወለችው ትሑት ልጅ «እማማ፣ እንዴት ነዎት? ደህና ነዎት?» ብትላቸው፣ እንደ ማንኛውም ጨዋ ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ! አንቺስ ልጄ፣ ቤተሰብ ደህና?» አሉ። በማግስቱ «ታካሚዋ ተሽሏቸዋል» ተብሎ ቀጠሮው ተሰረዘ። ያለ ምላጭና ያለ ጠብታ፣ በሰላምታ ብቻ ሞራ ስለገፈፋችሁ እናመሰግናለን። ክቡርነትዎ፣ እኛ እኮ እግራችን ጀሶ ውስጥ ሆኖ እንኳ ደህና ነን የምንል ሰዎች ነን። ሕመማችን የሚወጣው ሦስተኛው «እንዴት ነህ» ላይ ነው፤ እናንተ በአንደኛው ዘጋችሁት።

ሁለተኛ፦ በልቅሶ ቤት ሙሾ በማውጣት የምትታወቀው ጎረቤታችን ሙሉእመቤት ነገሩን ለማቃናት እማማን ሳምንት ሙሉ ማቃሰት አስተማረቻቸው። ባለሱቁ ሱፊያን ደግሞ «ትንሽ ሳል ጣል ቢያደርጉበት ያምራል» ብሎ መከረ። ዳግም ሲደወል እማማ «ወይኔ ልጄ፣ አለቅሁልሽ!» ብለው አምርረው ሳሉ። መልሱ «እንዲህ ከሆኑማ ሆስፒታሉ ዘንድ ዝር እንዳይሉ፣ ከቤት አይውጡ!» ሆነ። ሱፊያን ይኸው እስከ ዛሬ በእማማ ደጅ የሚያልፈው አንገቱን ደፍቶ ነው።

ሦስተኛ፦ ደህና የሆነ አያስፈልገውም፣ የታመመ አይገባም ካላችሁ፣ ሆስፒታሉን ከበሽተኛ ንጹሕ አድርጎ በመጠበቅ የሚስተካከልዎ የለም። ብቻ «ይታይዎታል ወይ?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው እስካሁን አልተገኘም። እማማ እኔን እንኳ አሁን የሚለዩኝ በድምፄ ነው።

ደጅዎ ስለተዘጋ በስልክ መስመርዎ ላይ ደጅ የምጠናው፣ የግቢውን ወሬ ለመጽሔት የማደርሰው፣ እስከ ምድር ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣዎ አክባሪዎ
ዳናይት ተክላይ፣ ከፒያሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሐሙስ ከሰዓት የደወላችሁት እናንተ ከነበራችሁ፣ እማማ ጆሯችሁ ላይ የዘጉት ንቀዋችሁ አይደለም። ማንሻው አረንጓዴና መዝጊያው ቀይ አንድ ሆነውባቸው ነው። እባክዎ «ታካሚዋ ፈቃደኛ አይደሉም» ተብሎ እንዳይጻፍባቸው።